ዓሣህ በደህና ገብቷል

መርሳ፣ ማክሰኞ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ጓደኛ፤

ባለህበት ሰላሙ ይብዛልህ። እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ ልበልህ እንጂ፤ ሁለት ክረምት አለፈ እኮ። ያ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ጅቡቲ ዝናብ የለም አሉ፤ አርፎልህ ይሆናል። ማን ያበስልልሃል? ልብስህንስ ማን ያጥብልሃል? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ፤ መልሱን እፈልገዋለሁ፤ አንድ በአንድ ጻፍልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እማዬም አለች፤ ዓይኗ ትንሽ ደክሟል፤ ምላሷ ግን ወላሂ እንደተውከው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ወረቀት የሚሰጥህ አብዱልሐሊም፣ አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይነሣ አስምዬዋለሁ። ሥራ አለኝ ብለህ እንዳታባርረው። ሻይ እዘዝለትና ይቀመጥ።

ዓሣህ በደህና ገብቷል። ትናንት ከዐሥር ሰዓት በኋላ አብዱልሐሊም መኪናውን ከጭማቂ ቤቴ ፊት ለፊት አቁሞ ጥሩምባውን ሲነፋ እጄ ላይ የነበረው ፓፓያ ወደቀ። እሱ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ ነው የወደቀብኝ። በዚያ ቦታ ጥሩምባ የሚነፋ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ ጆሮዬ ሌላ አልለመደም። ከጋቢናው ወርዶ ፌስታሉን በሁለት እጁ አቅፎ ሰጠኝ። በጋዜጣ ጠቅልለህ፣ በፎጣ ደርበህ፣ አፉን በላስቲክ ጥርቅም አድርገህ አስረኸዋል። አስተሳሰርህን ሳየው ነው ያመንኩት። ከላዩ ያቺ የካርቶን ቁራጭ። «ልምጣ ወይስ ልቅር? ሰላም ለእማማ ሁሪያ። ሰላም ለኡበይደላ። ስልክ ያልደወልኩት እንዳላስጠረጥራችሁ ፈርቼ ነው።» ዐሥራ ሦስት ቃል! ቆጠርኳት። ሰው ሁለት ዓመት ጠፍቶ ዐሥራ ሦስት ቃል ይጽፋል? ዓሣው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አፉን ይከፍታል።

ሰላምታህን ለእማዬ አድርሻለሁ። ለኡበይደላ ያልከውን ግን አላደረስኩም። ታገሠኝ፤ እደርስበታለሁ። «ልምጣ ወይስ ልቅር» ላልከው ደግሞ አብዱልሐሊም ሐሙስ ስለሚመለስ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለኝ። ዛሬ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም።

ዛሬ ስለ ዓሣው ላውራህ። የመጀመሪያውን ዓሣ ታስታውሳለህ? የገደልነውን? በ2011 ነው። ከጂዳ ተመልሼ ጭማቂ ቤቱን በከፈትኩ በዓመቱ። ጂዳ ስምንት ዓመት የሠራሁላት እመቤቴ ሳሎኗ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል የባሕር ውሃ አኳሪየም ነበራት፤ አዲስ ዓሣ ሲመጣ የማስለምደው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቤት የናፈቀኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ለወንድሜ ለኡበይደላ አወራሁ። ኡበይደላ ለአንተ አወራ። አንተ ደግሞ የሰው ምኞት ሰምተህ ዝም ማለት አታውቅበት! ወልዲያ መስታወት ቤት አሠርተህ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ መጣህ። ከዚያ በጭነት መኪናህ ከጅቡቲ በተመለስክ ቁጥር ሁለት ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ። ሰው ከወደብ ዘይትና ፓስታ ያመጣል፤ አንተ ውሃ! በአንዱ ኬላ ፈታሹ አረቄ መስሎት ተጎንጭቶ እንዴት እንደተፋው ስትነግረን ኡበይደላ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ መሬት ወርዶ ነው የሳቀው። እማዬ ሳትቀር ጣቷን ነክራ ቀምሳ፣ «ይሄ ለወጥ አይሆንም» አለች።

ዓሣው የገባ ቀን እኔ ሕጉን አውቅ ነበር። አዲስ ዓሣ በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይሰጠውም፤ መብራት ይጠፋለታል፤ ሰው ፊቱ ላይ አይገተርበትም። ታዲያ ይህን ለመርሳ ሰው ማን ይንገረው? እንግዳ መጣ ተባለ፤ አለቀ። እኔ አንድ ሰዓት ለማትሞላ ጊዜ በረዶ ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ ከጎረቤት እትዬ አሰለፈች ዳቦ ፈርፍራለታለች፤ ቶይባ ቂጣ፤ ኡበይደላ ከምሳው ሩዝ፤ እማዬ ደግሞ፣ «ከጅቡቲ ድረስ የመጣ እንግዳ ጦሙን ይደር እንዴ?» ብላ ሥጋ ከትፋ ጨምራለታለች። አንተስ? አንተ ትልቁ ሰውዬ ዝም ብለህ ታያለህ! በኋላ ስቆጣህ፣ «እማማ ሁሪያን እምቢ ልበላቸው?» አልከኝ። ውሃው ገንፎ መሰለ። በነጋታው ዓሣው በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘነው። እማዬ አለቀሰች። «ምን አጎደልንበት?» እያለች። ምንም አላጎደልንበትም፤ እሱ ነው የገደለው።

ሁለተኛዋን ከአራት ወር በኋላ ስታመጣት ግን ተምረን ነበር። ያቺን ብርቱካናማዋን፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀችውን። ኡበይደላ ከጤና ጣቢያ የግሉኮስ ቱቦ ለምኖ አመጣ፤ ጠብታውን የምታሳንስና የምታበዛ መዘውር ያለቻት። ከገንዳው ውሃ ወደ ባልዲዋ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንተ አላስቻለህም፤ መዘውሯን ልትከፍታት ስትል ኡበይደላ እጅህን መትቶ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለህ። እማዬ ሻሿን አውልቃ ገንዳውን ጋረደችው። ሦስት ቀን ከመጋረጃ ውስጥ ስላልወጣች ኡበይደላ ሙሽራዋ አላት። ስሟ እስከ ዛሬ ሙሽራዋ ነው።

ያኔ ሞተር ሞቀብኝ ብለህ ሁለት ቀን መርሳ አደርክ። ሞተርህ አልሞቀም ነበር፤ ኡበይደላ ነግሮኛል። ቀኑን ሙሉ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠህ፣ ስኳር የሌለው የማንጎ ጭማቂህን እየጠጣህ፣ ዓሣዋን ታያለህ። እኔ ከኋላህ ብርጭቆ አጥባለሁ። መስታወት እኮ ነው፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ ያሳያል። የምታየው ዓሣዋን ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። አንድ ብርጭቆ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ ግን አላውቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁህ መስከረም 2013 ነው። መኪናው ላይ ከወጣህ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ፣ «ኡበይደላን የምጠይቀው ነገር አለኝ፤ በሚቀጥለው ጉዞ» አልክ። እኔን አልነበረም ያየኸው፤ መሪውን ነበር። በሚቀጥለው ወር ጦርነቱ ተነሣ። በየመንገዱ የሰው ስምና የአባት ስም መጠየቅ ሲጀመር፣ ካሕሱ የሚባል አባት ይዘህ እንዳትመጣ ነፍሴ ስትጸልይ ነበር። ወልዲያ ተወልደህ ወልዲያ አድገህ! እዚያው ጅቡቲ ቀረህ፤ እሰይ ቀረህ። ኡበይደላ ግን ሁለት ሦስቴ፣ «ምን ሊጠይቀኝ ነበር? አንቺ ታውቂያለሽ?» ብሎኛል። አላውቅም አልኩት።

ስለ አዲሱ ዓሣህ ጀምሬ የት ደረስኩ! ፌስታሉን ሳልፈታ ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩት፤ ሙቀቱ እንዲስተካከል። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ከነውሃው አድርጌ ያንኑ የግሉኮስ ቱቦ ለቀቅሁለት። የእሱ ውሃ ከባሕር የመጣ ነው፤ የእኛ ሁለት ዓመት የተኛ። በአንዴ ብጨምረው ልቡ ቀጥ ይል ነበር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመረብ አውጥቼ ካስገባሁት በኋላ የመጣበትን ውሃ ደፋሁ፤ መብራቱን አጠፋሁ። እማዬ ያለማንም ነጋሪ በርጩማ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ቶይባ ፍርፋሪ ይዛ ስትመጣ እማዬን ብታያት! «ዛሬ እንግዳው አይበላም፤ ተመለሽ» አለቻት። እማዬ! እንግዳ አይበላም ስትል ይህ ጆሮዬ ሰማ።

ያኔ ደስ ብሏት አይቼ ነው ሰላምታህን የነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከአንድ ዓመት በላይ ስምህን ጠርታ አታውቅም፤ ሌላ ሰው ሲጠራህም ተነሥታ ትወጣለች። ይህንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ረቡዕ

ሙሽራዋ አበደች። መጋረጃውን ጠዋት ገለጥ ባደርግ አዲሱን ጥግ አስይዛ ጭራውን እየነከሰችው ነው። ምን ታድርግ፤ ሁለት ዓመት ብቻዋን የኖረችበት ቤት ነው። አትክልት የማጥብበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ አንሳፍፌ እሱን ከዚያ ውስጥ አስገባሁት፤ እንዲተያዩ እንጂ እንዳይነካኩ። ከዚያ ጂዳ የተማርኩትን አደረግሁ። ድንጋዮቹን ሁሉ አንሥተህ ቦታቸውን ትለዋውጣለህ። ያኔ የኖረችውም መግቢያ መውጫዋ ይጠፋታል፤ ሁለቱም እኩል እንግዳ ይሆናሉ።

ድንጋዮቹን ሳነሣ ያ ቀዳዳ ያለው፣ ኡበይደላ በገዛ እጁ ያስቀመጠው ድንጋይ እጄ ላይ ቀረ። ቆምኩ። ከዚህ በላይ ልሸሽህ አልችልም።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ ይላካል፤ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። አንተ ጅቡቲ ነህ፤ ማንን ልላክልህ? አብዱልሐሊምን ብለምነው፣ «እኔ መርዶ ነጋሪ አልሆንም» ብሎ እምቢ አለኝ። እያወቀ ዝም ያለህም ለዚህ ነው፤ እንዳትቀየመው። አሁን እጁን ያዝ። ኡበይደላ ሞቷል። አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። አላህ ይርሐመው።

አልቅስ። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።

እንዴት እንደሞተ ካንተ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከተማው በነሐሴ ሲያዝ መብራት ጠፋ። አየር የምትሰጠው ትንሿ ሞተር ዝም አለች። የባሕር ዓሣ በቆመ ውሃ ውስጥ ይታፈናል። እኔ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ እደፋለሁ፤ ክንዴ ዛለ። ኡበይደላ ለካ ጎሚስታ ነው! የመኪና የውስጥ ጎማ በእግር መንፊያ ነፍቶ፣ አፉ ላይ የግሉኮስ ቱቦዋን ሰክቶ፣ መዘውሯን ትንሽ ከፈት አደረጋት። ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። «የትም አገር ያለ ኢንጂነር ይምጣና ይየኝ» እያለ ሲፎክር በሳቅ ነው የምትሞተው። አንዱ ጎማ ሦስት ሰዓት ይዘልቃል። በተራ እንነፋለን። ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ ለዓሣ ትነፋላችሁ ያለን ነበር፤ ልክ ነው። ግን ያን ጊዜ በቤታችን ውስጥ በእጃችን ልናድነው የምንችለው ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

መስከረም ላይ ጎማው መተንፈስ ጀመረ። ተለጠፈ፤ ደግሞ ተቀደደ፤ ደግሞ ተለጠፈ። ኡበይደላ ግራና ከተማ አንድ ጎሚስታ ጓደኛው የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ እንዳለው ያውቃል፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። ተኩሱ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት። «ዛሬ ካልመጣ ትሞታለች» ብዬ አለቀስኩበት። እኔ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረብኩ ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩበት። «አብሽሪ፤ እስከ ዐሥር ሰዓት እመለሳለሁ» አለኝ። ለእማዬ ዘይት ሊፈልግ ሄደ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ከግራና በኩል ከባድ መሣሪያ ተሰማ። ከየት ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልጠይቅም፤ ባውቅ ወንድሜ አይመለስልኝም። በማግሥቱ ገበሬዎች በቃሬዛ አመጡት። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ጎማውን በትከሻቸው አጥልቀው መጥተው ለእኔ ሰጡኝ። አልተቀደደም። ጭረት እንኳን የለበትም። እማዬ ሳታየው ከፓፓያው ሣጥን ሥር ደበቅሁት።

በቀብሩ ማግሥት ገንዳውን ልሰብረው ተነሥቼ ነበር። ወላሂ ልሰብረው ነበር። አንተንም ጠላሁህ። ዓሣ ይዞ ባይመጣ፣ መስታወት ባያሠራ፣ ሞተር ሞቀ ብሎ ባያድር፣ ወንድሜ ከአጠገቤ ነበር አልኩ። ወደ ጭማቂ ቤቱ ስገባ እማዬ ለቅሶተኛውን ትታ ገንዳው አጠገብ ቆማ በጣሳ ውሃ ትደፋለች። «ተዪው» ብላት፣ «ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ልጄ የደከመበት ነው» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ጎማውን ከሣጥኑ ሥር አውጥቼ ነፋሁት። እማዬ ከየት መጣ አላለችም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እሷ ውሃ እያፈላች በጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እኔ እነፋለሁ። ሙሽራዋ መብራት እስኪመለስ ድረስ በዚያ ጎማ ተነፈሰች።

እንግዲህ ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ዓመት አለፈ፤ ዘይት ሊገዛ ሄዶ እንደሞተ ነው የምታውቀው። ጎረቤት፣ «ለአንድ ሊትር ዘይት!» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ ለ«ልምጣ ወይስ ልቅር» መልሴ ትናንት ማታ ተጽፎ አልቋል። «አትምጣ» ብዬ በሌላ ወረቀት ጽፌ አጥፌዋለሁ። ብትመጣ እማዬ ፊቷን ታዞርብሃለች። እኔም ፊትህን ባየሁ ቁጥር ያቺን ቀን አያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት

ቸኩያለሁ። አብዱልሐሊም ጎማ እያስነፋ ነው፤ አሁን ይነሣል።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ እማዬ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ጠራችኝ። «አንቺ ዘይነባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። መዋሸት ሰለቸኝ። የኡበይደላ ጓደኛ ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቆ ነው አልኳት። ዝም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ለቅሶ ሳይደርስ በምን ዓይኑ ይመጣል!» ብላ ጮኸች።

አልገባኝም። ከዚያ ዘረገፈችው። የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ለለቅሶ መጡ አለች። ከሐራ ሹፌሮች መጡ፤ ከውርጌሳ በእግራቸው መጡ፤ በዚያ ተኩስ ውስጥ! «የልጄ ጓደኛ፣ ከልጄ ጋር ከአንድ ሳህን የበላ፣ እኔን እማማ የሚል፣ እሱ ግን አልመጣም። ወረቀት አልላከም። ዓመቱ ሲሞላም አልመጣም። ስሙን የማልጠራው ተቀይሜው ነው።» ይኸው ነው ቂሟ። የአባትህ ስም አይደለም፤ ጦርነቱ አይደለም። ለቅሶ ቀረህ!

እማዬ፣ አልሰማም እኮ አልኳት። ጅቡቲ ነው፤ ማንም አልነገረውም፤ ለኡበይደላ ሰላም በሉልኝ ብሎ ነው የጻፈው አልኳት።

መቁጠሪያዋ ሙስበሐ እጇ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እስካሁን በሕይወት አለ ብሎ ነው የሚያስበው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታድሎ» አለች። «ታድሎ፣ ታድሎ» እያለች ማልቀስ ጀመረች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለቅሶው ቀን እንኳን እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

ከእግሯ ሥር ወድቄ ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ዘይት አይደለም፤ እኔ ነኝ የላክሁት፤ ለዓሣው ነው አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ። «አውቃለሁ» አለች። ለካ ኡበይደላ ሲወጣ በሩ ላይ ጉልበቷን ስሞ፣ «እማ፣ ግራና ጎማ ላመጣላት ነው፤ መርቂኝ» ብሏታል። «አትሂድ ማለት እችል ነበር» አለችኝ። «መርቄ የላክሁት እኔ ነኝ። አንቺ ዘይት ስትዪ ደስ አለኝ፤ ምርቃቴን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ።» አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ እሷ ከእኔ፣ እኔ ከእሷ ደብቀን በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር! ተቃቅፈን ቀረን። ፀሐይ እስክትወጣ አልተነሣንም።

ያንን ሌላ ወረቀት ቀድጄዋለሁ። የእማዬ መልስ ይኸው፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው። «ንገሪው፤ ለቅሶው ለእሱ ገና ዛሬ ነው። ይምጣ። ምንጣፍ አነጥፋለሁ፤ ሦስት ቀን እቀመጥለታለሁ፤ ጎረቤቱንም እጠራለሁ። ልጄን ብቻውን አያልቅሰው።»

ስለዚህ ና። ግን ስማኝ፤ ሁሉም ሰው ያቅፍሃል ብዬ አልዋሽህም። እዚህ ልጁን የቀበረ ብዙ ነው፤ ፊቱን የሚያዞርብህ ይኖራል፤ ታገሠው። በአንዴ ሰተት ብለህ ከተማ አትግባ። ከአብዱልሐሊም ጋር ሐራ ድረስ ና፤ እዚያ ሼህ አብዱልጀሊል፣ የእናቴ ወንድም፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይጠብቁሃል። ሽማግሌ ይዞት የገባን ለቅሶ ደራሽ በመርሳ ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም። በጠራራ ፀሐይ ግባ፤ ሰው ይይህ። ለእናትህ ለእትዬ ሓረጉ ወልዲያ ሰው ልኬ እንድትሰማ አደርጋለሁ፤ እሷም አንተን ስትጠብቅ ነው የከረመችው፤ ግን መጀመሪያ እኛ ቤት።

ስትገባ ለእኔ ሰላም አትበለኝ። ወደ እኔ አትመልከት። ቀጥ ብለህ ሄደህ የእማዬ አንገት ላይ ውደቅ። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሦስት ቀን አያቅተኝም።

አብዱልሐሊም ጥሩምባ እየነፋ ነው። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ካየኸውም ካላየኸውም ክፉ ይሰውርህ፤ ያንተም አምላክ፣ የእኛም አምላክ አንድ ነውና በደህና ያገናኘን። እማዬ ከዚህ ላይ «አሚን» ብለሽ ጻፊ ብላኛለች። አሚን።

የኡበይደላ እህት